ሙሉ ስናፐር፣ ፊሌቶ ወይስ ካቪያር? ዲኤንኤው የሚነግረንና የማይነግረን

አሜሪካ ውስጥ ሬድ ስናፐር ልግዛ ካላችሁ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ሙሉው ዓሣ ነው። ቆዳው ወደ ቀይ ያደላል፣ ዓይኑም ቀይ ነው። ሌላው ቆዳው የተገፈፈ ፊሌቶ ነው። ፊሌቶው ሥራ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ቆዳው ከሄደ የሚቀረው ነጭ ሥጋ ብቻ ነው። ከቲላፒያ ጎን ቢቀመጥ በዓይን መለየት ይከብዳል።

ዲኤንኤ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጥፍር የምታህል ቁራጭ ትበቃለች። ላቦራቶሪው ከሥጋው አንድ አጭር የዘረመል ክፍል ያነብና ከተመዘገቡ ዝርያዎች ጋር ያመሳክራል። ኦሺያና የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ድረስ 1,215 ናሙና ሰብስቦ ነበር። አንድ ሦስተኛው በሌላ ዓሣ ስም የተሸጠ ነበር። ሬድ ስናፐር ተብለው ከተገዙት 120 ናሙናዎች እውነተኛዎቹ 7 ብቻ! ስለዚህ ሙሉውን ግዙ፤ እዚያው ፊታችሁ ይጸዳ፣ ይቆረጥ። በላባችሁ ያገኛችሁት ገንዘብ ነው።

ሱሺ ቤት «ነጭ ቱና» የሚሉትን ግን እለፉት። በዚያው ጥናት 84 በመቶው ኤስኮላር የተባለ ሌላ ዓሣ ሆኖ ተገኝቷል። ቅባቱን ሆድ አይፈጨውም፤ ተቅማጥ ያስከትላል።

ካቪያር፣ ማለትም ስተርጅን የተባለው ዓሣ እንቁላል ላይ ነገሩ ይለያል። ምርመራው ውዱን የስተርጅን ዝርያ፣ ቤሉጋን፣ ከርካሹ ስተርጅን ይለያል። ከወንዝ የተያዘውንና በእርባታ ያደገውን ቤሉጋ ግን በተለመደው ምርመራ መለየት አይቻልም፤ ዝርያቸው አንድ ነዋ። ዲቃላም ያሳስታል። የሚነበበው ዘረመል ከእናት ብቻ የሚወረስ ስለሆነ ዲቃላው በእናቱ ስም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት በዳንዩብ ወንዝ አገሮች 149 ናሙና ሲመረምር ከዲኤንኤ ሌላ ዓሣው የኖረበትን ውኃና የበላውን የሚጠቁም የአይሶቶፕ ምርመራ የጨመረው የወንዙን ከእርባታው ለመለየት ነው። በሦስቱ ላይ የእንስሳ ዘረመል ጭራሽ አልተገኘም።

ስለዚህ ካቪያር ስትገዙ ቆርቆሮውን ገልብጡና ኮዱን አንብቡ። ሳይቲስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ያስገደደው መለያ ነው። መጀመሪያ የዝርያው ሦስት ፊደል ይመጣል፤ ቤሉጋ ከሆነ ኤች፣ ዩ፣ ኤስ። ቀጥሎ ከዱር ይሁን ከእርባታ፣ ከዚያ አገሩና ዓመቱ። መለያው ተልጦ ሌላ ቆርቆሮ ላይ የሚለጠፍ መሆን የለበትም። ከተከፈተ ዕቃ በማንኪያ እየተቀዳ፣ ያለ ኮድ የሚሸጥላችሁን አትግዙ፤ «ቤሉጋ ነው» ብሎ ቢምልላችሁም።