ደስታን ፍለጋ፦ ተጨማሪ ሥራ ወይስ የጣና ዳር ምሽት?

ባሕር ዳር ላይ ከሥራ በኋላ የምትተርፈውን ሰዓት ለምን እናውላት?

ወጪ፦ ተጨማሪ ሥራ ገንዘብ ያመጣል፣ ጉልበት ይወስዳል። ታንኳዎቹን እያዩ ከወዳጅ ጋር መጨዋወት ከቡና ዋጋ አያልፍም።

ቅለት፦ ሁለተኛው ይቀላል።

ስጋት፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የደመወዝ ጭማሪንም ሆነ አዲስ ስልክን ቶሎ እንለምዳቸዋለን፤ ደስታው ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1938 የተጀመረው የሃርቫርድ ጥናት ሰዎችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትሎ፣ መልካም ቅርርብ ለጤናም ለደስታም ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ግን የቤት ኪራይ እያስጨነቀ ጣና ዳር ቢቀመጡም ሐሳብ አይለቅም። ይህን ማቃለል ነውር ነው።

ለማን? ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ለከበደው ሥራው ይቅደም። መሠረታዊው ለተሟላለት፣ ወዳጆቹንም በስልክ ብቻ ለሚያገኝ፣ ምሽቱ ይሻላል።