ከፖርቶ እስከ ሳንቲያጎ በእግር ለመሳለም ላሰባችሁ፦ ቅድመ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ውሉን መርምሩ

ከፖርቱጋሏ ፖርቶ ተነስቶ የአትላንቲክን ዳርቻ እየተከተለ፣ የዘብዴዎስ ልጅ የሐዋርያው ያዕቆብ ዐፅም እንዳረፈበት ወደሚታመነው በስፔን የሚገኘው የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ካቴድራል የሚያደርሰው 280 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ፣ ዛሬ በየአስጎብኚው በጥቅል ይሸጣል። አውሮፓ ውስጥ የምንኖር ጥቂት የአንድ አጥቢያ ምእመናን ለዚሁ ጉዞ ስንዘጋጅ አንድ የጉዞ ወኪል የአውሮፕላን ቲኬትን ሳይጨምር በነፍስ ወከፍ 1,450 ዩሮ ጠይቆን ነበር፤ ግማሹ በቅድሚያ የሚከፈል፣ የማይመለስም ነው።

ከሁሉ የከፋው በውሉ አባሪ ላይ ያለው የቀን ፕሮግራም ነው። ርእሱ «የባሕር ዳርቻ የእግር ጉዞ» ይላል፤ ዝርዝሩን ስታነቡት ግን በዳርቻው ያሉት ከተሞች ቪላ ዶ ኮንዴ፣ ቪያና ዶ ካስቴሎ፣ ካሚኛና ባዮና ሁሉም በሚኒባስ የሚታለፉ ናቸው። በእግር መሄድ የሚጀመረው ሬዶንዴላ ላይ ሲሆን፣ የዳርቻው መንገድ ከመሀል አገሩ መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚያ ስለሆነ ውቅያኖሱን ተከትሎ መሄድ የሚባለው ነገር ያኔ አልፏል። ከሬዶንዴላ እስከ ሳንቲያጎ ደግሞ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ «ኮምፖስቴላ» የተባለውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድና በተሳላሚ ደብተር ላይ በየቀኑ ሁለት ማህተም ማስመታት ስለሚያስፈልግ፣ ይህን ጥቅል የገዛ ሰው በድካሙ ማብቂያ ወረቀቱን የሚሰጠው የሳንቲያጎ የተሳላሚዎች ቢሮ ደርሶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጊዜ ያጠራችሁ ቢያንስ ከባዮና ጀምሩ።

ለዚያው ለማይገኘው ወረቀት ውሉ 60 ዩሮ «የማስወጫ ክፍያ» ጨምሯል። ኮምፖስቴላ ማህተም የተመታበት ደብተር ሲቀርብ በነጻ የሚሰጥ ነው። በ45 ዩሮ የቀረበልን ደብተርም ፖርቶ ካቴድራል ውስጥ በሁለት ዩሮ ገደማ ይገኛል። ሳንቲያጎ በምትገኝበት የጋሊሲያ ክልል የሕዝብ ማረፊያዎች «አልጋ ተይዟል» የሚለውም ሐሰት ነው፤ እነዚህ ማረፊያዎች ቀድሞ የመጣን ያስተናግዳሉ እንጂ ቀጠሮ አይቀበሉም፣ ስለዚህ ከሞላባችሁ ከኪሳችሁ ሌላ ቦታ መፈለጋችሁ ነው። ከኢትዮጵያ ወይም ከዓረብ አገራት ለሚመጡ ዘመዶቻችን «የቪዛ ዋስትና» መሸጡ በተለይ አሳዝኖኛል፤ የሸንገን ቪዛ ውሳኔ የቆንስላው ብቻ ነው፣ ዋስትና ሊሰጥበት የሚችል ወኪልም የለም።

እኛ በእግር የሚኬደው ኪሎ ሜትር በየቀኑ ተለይቶ፣ የማረፊያዎቹም ስም ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጠን ጠየቅን፤ ወኪሉ «እዚያው ስትደርሱ ይነገራችኋል» ከማለት ስላላለፈ ሳንፈርም ቀረን። ቅድመ ክፍያ የላካችሁ ካላችሁ ቀሪውን አትላኩ፤ መጀመሪያ ይህንኑ ዝርዝር በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጥቅል ጉዞ የሚሸጥ አዘጋጅ ቢከስር የደንበኞቹን ገንዘብ የሚመልስ ዋስ ሊኖረው፣ የዋሱንም ስም ሊያሳውቅ ይገባል፤ ለእኛ በቀረበው ውል ላይ ይህ ስም አልነበረም። አዘጋጁ ከጉዞው በፊት የውሉን ዋና ዋና ነገሮች በጉልህ ከለወጠ ደግሞ ያለ ቅጣት ውሉን አፍርሳችሁ ገንዘባችሁን የማስመለስ መብት አላችሁ።