ለቆየ ስልክ፦ ሊኒጅ ኦኤስ ወይስ ኡቡንቱ ተች?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ስልክ ጠጋኞች ጋ አረጀ ተብሎ የሚመጣው ስልክ ሁሉ የተሰበረ አይደለም። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ስላቆመ ብቻ የሚጣል አለ። ይሄ ያናድደኛል። አንድ ስልክ ለመግዛት ስንት ወር ይቆጠባል!

እንደ ሊኒጅ ኦኤስና ኡቡንቱ ተች ያሉ ክፍት ምንጭ ሲስተሞች (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ስልኩ ይዞት በመጣው ሲስተም ምትክ የሚጫኑ) ተስፋ የሚሰጡት እዚህ ላይ ነው።

ሊኒጅ ኦኤስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ፣ ሳያኖጅንሞድ የተባለው ቀዳሚው ሲስተም ሲዘጋ ነው። ውስጡ አንድሮይድ ስለሆነ እነ ቴሌግራም ያለ ችግር ይጫኑበታል። የጉግል አፖች አብረውት አይመጡም፤ የፈለገ ለብቻ ይጭናል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንዳንድ የባንክ አፖች ቡትሎደሩ (ሲስተሙን የሚያስነሳው፣ ሌላ ሲስተም ለመጫን መከፈት ያለበት ፕሮግራም) የተከፈተ ስልክ ላይ አንሠራም ይላሉ። ገንዘቡን በስልክ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ኡቡንቱ ተች ሌላ ዓለም ነው። ሠሪው ኩባንያ ካኖኒካል እ.ኤ.አ. በ2017 ሲተወው ዩቢፖርትስ የተባለው ማኅበረሰብ አነሳው። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደዚህ ያደላል። በአንዳንድ ስልኮች ላይ ከስክሪንና ከኪቦርድ ጋር ሲገናኝ እንደ ኮምፒውተር ያገለግላል። ግን የአንድሮይድ አፕ በቀጥታ አይቀበልም፤ ዌይድሮይድ የሚባል መሸጋገሪያ ይፈልጋል። የሚሠራባቸው ስልኮችም ጥቂት ናቸው።

ለእናቴ ቢሆን ሊኒጅን እጭናለሁ። ኮምፒውተር መማር ለጓጓ፣ ሁለተኛ ስልክ ላለው ልጅ ግን ኡቡንቱ ተችን።

የትኛውንም ብትመርጡ ሞዴላችሁ ዝርዝራቸው ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ፎቶና ስልክ ቁጥሮቻችሁንም ገልብጡ፤ ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ይጠፋል።