ባትሪ የማይፈልገው የአፈር እርጥበት መለኪያ፦ ለታመመ ጄራኒየም ምን ያህል ይረዳል?

ይህን መለኪያ የገዛሁት ክርክር ለመዝጋት ነው። እህቴ «ከእኔ ጋር ከሚሞት አንቺ ዘንድ ይሙት» ብላ የሰጠችኝ ጄራኒየም ቅጠሉ ጠውልጎ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ነበር። ባለቤቴ ውሃ ጠምቶት ነው አለ፤ እኔ ደግሞ ውሃ በዝቶበት ነው አልኩ። የላይኛው አፈር ሲነካ ደረቅ ስለነበር ማስረጃው ከእሱ ጋር ይመስል ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን ኬሚስትሪ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያልተለካ ነገር አይዋጥልኝም።

ዕቃው ቀላል ነው። ትንሽ ሳጥን፣ ከሥሩ እንደ ሹካ የወጡ ሁለት የብረት ዘንጎች፣ ከፊቱ ከ1 እስከ 10 ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ፤ ዝቅተኛው ቁጥር ደረቅ፣ ከፍተኛው እርጥብ ማለት ነው። ማብሪያ የለውም፣ ባትሪም የለውም። በዚህ ምክንያት ማጭበርበሪያ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ተሳስተዋል። ሁለቱ ዘንጎች ከተለያየ ብረት የተሠሩ ስለሆኑ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገቡ ራሳቸው ደካማ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚመነጨው ጥቂት ኤሌክትሪክ ጠቋሚውን ይገፋዋል። ሎሚ ላይ መዳብና ዚንክ ሰክተን ተማሪዎችን የምናስገርምበት ሙከራ ማለት ነው።

ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። መለኪያው የሚያነበው ውሃን ሳይሆን አፈሩ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው። ዘንጎቹን በማትነን የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነከርኳቸው፤ ጠቋሚው ከቦታው እምብዛም አልተነቃነቀም። ቁንጥር የምታህል ጨው ጨምሬ ሳማስለው ሰሌዳው ጫፍ ድረስ ተወረወረ። የውሃው መጠን ያው ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ የበዛበት አፈር ከእውነቱ በላይ እርጥብ መስሎ ይታያል፤ ፐርላይት (አፈርን ልቅ የሚያደርጉ ነጫጭ ቀላል ጠጠሮች) ወይም የዛፍ ቅርፊት የበዛበት ልቅ አፈር ደግሞ ዘንጎቹን በደንብ ስለማይነካ እርጥብ ሆኖ ሳለ ደረቅ ይባላል። በሳጥኑ ላይ ለየተክሉ «የሚስማማ ቁጥር» ብለው ያተሙትን ሰንጠረዥ ከዚያ በኋላ ቀድጄ ጣልኩት።

ታዲያ ለምን እመክረዋለሁ? አንድ ሥራ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ዘንጎቹን ከአፈሩ ወለል ጥቂት ዝቅ አድርጌ ስሰካቸው ጠቋሚው 2 ላይ ቆመ። ቀስ ብዬ ወደ ታች ስገፋቸው፣ ወደ ማሰሮው ታችኛው ሲሶ ሲደርሱ 9 አለ። በአንድ አፈር፣ በአንድ ማዳበሪያ፣ ላይና ታች ይህን ያህል ሲለያይ ለክርክር ቦታ አይተውም። ባለቤቴም ዝም አለ።

ማሰሮውን ገልብጠን ተክሉን ስናወጣ የውሃ መውጫው ቀዳዳ በሥርና በጭቃ ተደፍኗል። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ ይህ ግን ቡናማ ሆኖ፣ በጣቴ ስስበው ልጣጩ ተንሸራትቶ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ። ሽታውም ምስክር ነበር። ሥር ኦክስጅን ይፈልጋል፤ አፈሩ በውሃ ከተሞላ ታፍኖ ይሞታል፣ የሞተ ሥር ደግሞ ውሃ መምጠጥ አይችልም። ቅጠሉም በውሃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል። የሚያይ ሰው ጠምቶት ነው ብሎ ይጨምርለታል፤ ጄራኒየም በብዛት የሚሞተውም በዚህ ደግነት ነው። ዘሩ ከደቡባዊ አፍሪካ የመጣ፣ በወፍራም ግንዱ ውሃ የሚያከማች ተክል ስለሆነ ድርቀትን ከጭቃ ይልቅ ይችላል።

የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ መቀስ ቆርጬ፣ ቅርንጫፎቹን አሳጥሬ፣ አሸዋ በቀላቀልኩበት አዲስ አፈር ተከልኩት። ማሰሮውን አላሳደግኩትም፤ ሥሩ ለቀነሰ ተክል ትልቅ ማሰሮ ሌላ ረግረግ ነው። ማዳበሪያም ከለከልኩት። የአንደኛው ቅርንጫፍ ግንድ ከሥሩ ጠቁሮ ለስልሶ ስለነበር እሱን ማዳን አይቻልም፤ ገና አረንጓዴና ጠንካራ የሆነውን ጫፉን ጣት በሚያህል ርዝመት ቆርጬ፣ የታች ቅጠሎቹን አንስቼ፣ የተቆረጠው ቦታ አንድ ቀን እንዲደርቅ ትቼ ለብቻው ተከልኩት። እንዲህ ያለውን መለኪያ አይነግራችሁም፤ ግንዱን በጣት መጫን ነው።

አሁን ዋናው ማሰሮ ላይ የምጠቀምበት እንዲህ ነው፦ ሁልጊዜ በአንድ ጥልቀት፣ በማሰሮው ጠርዝና በግንዱ መካከል እሰካዋለሁ፤ ጠቋሚው ወደ ታች መውረዱን እከታተላለሁ እንጂ ለነጠላ ቁጥር ግድ የለኝም። ውሃ የማጠጣው ወደ ደረቁ ክፍል ሲገባ ነው። ዘንጎቹን አፈር ውስጥ ትቶ መሄድ አይገባም፤ ይዝጋሉ፣ የዛገ ዘንግ ደግሞ ይዋሻል። አውጥቶ መጥረግ፣ ሲደበዝዙም በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ማድረግ ነው። በየቀኑ መውጋትም ሥር ይቆርጣል፤ በትንሽ ማሰሮ ላይ በተለይ።

«ሦስት በአንድ» ተብሎ ብርሃንና ፒኤች (የአፈሩን አሲድነት ወይም አልካላይነት) ጭምር እለካለሁ የሚለው ዓይነት አለ፤ የእኔም እሱ ነው። የብርሃኑ ይሁን፣ የትኛው መስኮት እንደሚሻል ያነጻጽራል። የፒኤቹ ግን ጌጥ ነው። ትክክለኛ የፒኤች መለኪያ የመስታወት ኤሌክትሮድ (የሚለካውን ነገር የሚነካ ጫፍ) ይኖረዋል፣ ፒኤቹ በታወቀ ፈሳሽ እየተስተካከለ ይሠራል፤ ሁለት ባዶ ዘንግ ይህን አይተካም። ለዚያ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

በእጅ ብድግ ለሚል ማሰሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክብደቱን መመዘን ይበቃል፤ ውሃ በጠጣ ማግሥት ምን ያህል እንደሚከብድ አንዴ የለመደ እጅ አይሳሳትም። መለኪያው የሚያስፈልገው ለማይነሳው ከባድና ጥልቅ ማሰሮ፣ ወይም እንደ እኛ ቤት ሁለት አሳቢ ላለበት ተክል ነው።

ለመግዛት ካሰባችሁ የዘንጉ ርዝመት ከማሰሮአችሁ ጥልቀት ከግማሽ በላይ መድረሱን እዩ። እዚያው ሻጩ ፊት ደግሞ ሁለቱንም ዘንጎች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ጠቋሚው ካልተነሳ ሌላውን አስወጡ።