ለብስክሌት ባትሪ የላፕቶፕ ሴል ይሻላል የስኩተር?

የኤሌክትሪክ ብስክሌታቸውን ባትሪ ራሳቸው ሊገጣጥሙ የተነሱ ጓደኞቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ያገለገለ ሴል (ባትሪው ውስጥ ከሚደረደሩት ትንንሽ ክብ ባትሪዎች አንዱን) ልገዛ ነው፣ የላፕቶፑን ልውሰድ የስኩተሩን? መልሴ አይቀየርም፤ የስኩተሩን ውሰዱ። የላፕቶፑ ርካሽ የሚመስለው እስኪፈተሽ ድረስ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። መለኪያችን ኦሪጅናል የሆነ አዲስ 3500 ኤምኤኤች ሴል ይሁን፤ ኤምኤኤች ሴሉ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካበት ነው። የላፕቶፑን በአዲሱ ሩብ ዋጋ አገኛችሁት እንበል። አሥር ስትገዙ የሁለት ተኩል አዲስ ሴል ገንዘብ ከኪሳችሁ ወጣ። አራቱ በፍተሻ ቢወድቁና የቀሩት ስድስቱ 1900 ቢይዙ፣ በእጃችሁ ያለው 11400 ነው። በዚያው ገንዘብ አዲስ ብትገዙ 8750 ታገኙ ነበር። ልዩነቱ ይቺው ናት፤ ሴሎቹን የሚያያይዘው ኒኬልና የፍተሻው ልፋት ገና አልተቆጠረም።

የስኩተሩን ደግሞ ወደድ አድርጉት፤ የአዲሱ 40 በመቶ ይሁን። አሥሩ የአራት አዲስ ሴል ዋጋ ማለት ነው፣ ማለትም የ14000 ኤምኤኤች። አንዱ ወድቆ ዘጠኙ 2800 ቢይዙ 25200 አገኛችሁ። የራሳችሁን ዋጋ አስገቡና ደግማችሁ አስሉት። ሻጩ በፍሬ ሲነግራችሁ እናንተ በሚይዘው ኤምኤኤች አካፍሉት።

ሌላው ነገር ሴሉ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ጉልበት ነው። ብዙው የላፕቶፕ ሴል ከ5 አምፔር በላይ እንዲሰጥ አልተሠራም። ኮንትሮለራችሁ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው) 20 አምፔር ቢስብና አራት ሴል በትይዩ ብታስሩ፣ እያንዳንዱ 5 አምፔር ይደርሰዋል። ያረጀ ሴል ዳገት ላይ ይግላል፣ ቮልቱም ቁልቁል ይወርዳል። የስኩተር ሴሎች ግን ከአንድ ፓክ (ተገጣጥሞ ከታሰረ ባትሪ) ከወጡ ዕድሜያቸውም ሥራቸውም አንድ ነው። የመሰርሰሪያ ሴልም ጉልበት አለው፤ ሳምሰንግ 25አር 20 አምፔር ይሰጣል። የሚይዘው ግን አዲስ ሆኖም 2500 ብቻ ስለሆነ ለረጅም መንገድ አልመርጠውም።

ስም የሌለው ርካሽ «አዲስ» ሴልን በጭራሽ አትንኩ። 18650 በሚባለው በተለመደው የሴል መጠን ላይ 9900 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ፎርጅድ ነው። የታወቁት ምርጦቹ እንኳ 3500 አካባቢ ናቸው። ሚዛን ላይ አድርጉት፤ ደህና ሴል 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሻጭ አዲስ ብሎ የሸጠልኝን ሴል ላስቲኩን በምላጭ ሰነጠቅሁት። በኔጌቲቩ በኩል የድሮ ብየዳ ነጠብጣቦች በሞረድ ተፍቀው ነበር፤ ጭረቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሮጌ ሴል አዲስ ላስቲክ አልብሶ በአዲስ ዋጋ መሸጥ ሌብነት ነው።

ወደ ፍተሻው። መጀመሪያ ቮልቱን ለኩ። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየን ሴል «ላንቃው» አትበሉ። ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ ሊሆን ይችላል፤ ስትሞሉት ውስጥ ለውስጥ ሾርት ያደርጋል። የተረፉትን እስከ 4.2 ሙሉ፤ በ1 አምፔር ሲሞላ እጅ የሚያቃጥል ካለ ይውጣ። ሰው በሌለበት አትሙሉ። ከዚያ እንደ ሊቶካላ ሊ-500 ባለ ቻርጀር አራግፋችሁ የሚይዘውን እዩ። የውስጥ ሬዚስታንሱን ግን በቻርጀሩ አትመኑ፤ ሴሉን አውጥታችሁ ብትመልሱት ሌላ ቁጥር ያሳያችኋል። ብዙ ሴል የምትገዙ ከሆነ ባለ አራት ሽቦ የሬዚስታንስ መለኪያ ዋጋውን ያወጣል።

ሰው የሚዘለው የመጨረሻውን ነው። የሞላውን ሴል ሁለት ሳምንት አስቀምጡትና እንደገና ለኩት። ከ4.1 በታች የወረደውን እኔ ፓክ ውስጥ አላስገባም። ሻጮች በማርከር «2600» ብለው ጽፈው «ተፈትሿል» የሚሉት ይህን ሳያዩ ነው። ራሱን በራሱ የሚጨርስ ሴል አብረውት የታሰሩትንም ይዞ ይወርዳል።

ስትገዙ ፓኩ ሳይፈታ ይቅረብላችሁ። የባላንስ ሽቦዎቹ (ከየረድፉ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች) ላይ መልቲሜትር አድርጋችሁ እያንዳንዱን ረድፍ፣ ማለትም በትይዩ የታሰሩትን ሴሎች፣ ለኩ። ሁሉም ተቀራራቢ ከሆነ ውሰዱት። አንዱ ረድፍ ብቻ ለብቻው ከወረደ የዚያን ረድፍ ሴሎች ከዋጋው አስቀንሱ። ለ48 ቮልት፣ 13 ረድፍ ባለ አራት አራት ከሆነ 52 ሴል ያስፈልጋችኋል፤ የሚወድቅ ስለማይጠፋ 60 ያህል ግዙ።