ሶኬታችሁ ብልጭ እያለ ያስቸገራችሁ፣ ይህን ልጅ ጥሩት

ይህን ምስጋና በአደባባይ ካልጻፍኩ ይቆጨኛል። የመብራት ሠራተኛ ነው። ቤታችንን ከእሳት አተረፈልን ብል አላጋነንኩም።

ሳሎን ያለው ሶኬት ካውያ ሲሰካበት ጥዝዝ ይልና ብልጭ ይላል። የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል። እናቴ በፍርሃት እንቅልፍ አጥታ ነበር።

ከእሱ በፊት የመጡትን ስም አልጠራም። አንዱ ቀብድ ተቀበለ፣ "የቤቱ ገመድ በሙሉ መቀየር አለበት" አለ፣ ከዚያ ስልኩ ዝግ። እስካሁን ዝግ ነው። ሌላው የሶኬቱን ክዳን ቀየረና ሂሳቡን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል እናቴ "ልጄ፣ እሳት አይነሳም?" አለችው። ሳቀባት። "እማማ፣ ይሄ እኮ የትም ቤት ያለ ነው!" ገንዘቡ ይቅር፣ ያ ሳቅ ነው ያንገበገበኝ። ፈርቶ በጠየቀ ሰው ይሳቃል እንዴ?

ይሄኛው ልጅ ግን ሌላ ነው። የሶኬቱን መስመር ብሬከር፣ ማለትም መብራቱን የሚያቋርጠውን ማጥፊያ፣ አጠፋ፤ ሆኖም ወዲያው እጁን አልሰደደም። መጀመሪያ ቴስተሩን፣ መብራት መኖር አለመኖሩን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ መብራት ባለበት ሌላ ሶኬት ላይ ሞከረው። ከዚያ የኛን ሶኬት ፈተሸ። ተመልሶ ቴስተሩን ደግሞ ሞከረው። ምን እያደረገ እንደሆነ ስጠይቀው "ቴስተሩ ራሱ ሞቶ ቢሆንስ?" አለኝ። እዚያው ላይ ልቤ አረፈ።

ሲከፍተው የሽቦው ጫፍ ከስሏል። እናቴን ጠራና አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ አሳያት። "እማዬ ይዩት፣ ብሎኑ ላልቷል። ሽቦው ሲነካና ሲለቅ ኤሌክትሪኩ መሃል ያለውን አየር ይሻገራል። ብልጭታው እሱ ነው። በተሻገረ ቁጥር ይግላል፣ ሲግል ሽቦው ይከስላል፣ የከሰለው ደግሞ ይብስበታል።" ብሎኑን ማጥበቅ ብቻ አልበቃውም። የተቃጠለውን ቆርጦ ጣለ፣ ሶኬቱንም በአዲስ ቀየረው። ሌላም የሠራው ነገር ነበር፣ እኔ አልገባኝም።

እናቴ ደፈረችና "ማታ ሹራቤን ሳወልቅ ብልጭ የሚለውስ?" ብላ ጠየቀች። እኔ ልስቅ ነበር፣ እሱ አልሳቀም። ልብስ ከልብስ ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል አላት። ቮልቱ በሺዎች ሊቆጠር ይችላል፣ የተጠራቀመው ግን ኢምንት ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጎዳም። ብረት ሲሞረድ የሚረጨውን ብልጭታ ደግሞ እኔ ጠየቅኩት። ያኛው ከነጭራሹ ኤሌክትሪክ አይደለም አለኝ፤ ከብረቱ የተፋቀ ብናኝ በሰበቃ ግሎ አየር ላይ ሲቃጠል ነው።

ሊወጣ ሲል ያለንን ግን ሁላችሁም ስሙልኝ። የጋዝ ሽታ ከመጣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ ለማጥፋትም ቢሆን። ሲነካ ውስጡ ትንሽ ብልጭታ አለ፣ ለጋዙ እሱ ይበቃዋል። በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ። ካውያም ሆነ ምድጃ እየሠራ ከሶኬት አትንቀሉ፣ መጀመሪያ አጥፉት። ስትነቅሉ አንዳንዴ ብልጭ ቢል ብዙም አያስደነግጥም። ሽታ ካለው፣ ሶኬቱ ከጋለ ወይም ከጠቆረ ግን ዝም አይባልም።

እናቴ አሁን ካውያውን ራሷ ትሰካለች። ለእኔ ከዚህ በላይ ምንም የለም። ልጄ፣ እጅህ ይባረክ! ዕድሜና ጤና ይስጥህ!

ወገኖች፣ በእውነት ጥሩት። ለአፉም ለእጁም የሚታመን ባለሙያ ነው። ስልኩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ። ሥራ ስለሚበዛበት ቶሎ ላይደርስላችሁ ይችላል። እስኪመጣ ድረስ የዚያን ሶኬት ብሬከር አጥፉት፣ ምንም አትሰኩበት።