ለስልጠና የገዛሁት ቦት ጫማ

ፎርት ጃክሰን የ10 ሳምንቱን የአሜሪካ ጦር መሠረታዊ ስልጠና ጨርሼ ወደ ሙያ ስልጠና ስሄድ ነው ይህን ቦት ጫማ ከአንድ የኦንላይን ሱቅ ያዘዝኩት። የጦሩን የዩኒፎርም ደንብ ያሟላል። ቁመቱ 8 ኢንች ነው፣ ቀለሙም ትክክል። ሲያደርጉት ደግሞ ቅልል ይላል፣ ጦሩ ካደለን ጫማ በጣም ይሻላል።

ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ የግራው ሶል ከፊት አፉን ከፈተ። አዛዣችን ካፒቴን ናቸው፣ የመጀመሪያ ቀን የነገሩን አጭር ነበር፦ በሰዓታችሁ፣ በቦታችሁ፣ በተሟላ ዩኒፎርም ተገኙ። ፍተሻ ላይ እኔ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ሶሉን በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉትና ቀና ብለው «ጓደኛህ ቢቆስል በዚህ እግር ትሸከመዋለህ?» አሉኝ። አልጮሁም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው፤ ከጀማሪ ወታደር የሚጠብቁት ጀግንነት ሳይሆን ዕቃውን ማታ ማታ አገላብጦ የሚያይ ሰው ነው።

ሱቁ ብሬን እስኪመልስ አንገላታኝ። ለመግባት የምታስቡ የሐበሻ ልጆች፣ ይህን ጫማ ተዉት። ካምፕ ውስጥ ካለው ሱቅ ግዙ፣ ያውም አመሻሽ ላይ፣ እግር አበጥ ሲል፣ በወፍራሙ ካልሲ ለክታችሁ።